ያልተሰነዘረ ዱላ

ባለፈው ወር የሜዳ ዕቃ መጋዘኑን ቁልፍ ለኮሙኑ፣ ማለትም ለከተማው አስተዳደር፣ አስረክቤ ጡረታ ወጣሁ። በስንብቱ ቀን ኬክ ተቆረሰልኝ፣ አበባ ተሰጠኝ፣ አዲሷ አለቃዬም እንዳቅሟ ጥሩ ንግግር አደረገች። በመጨረሻ፣ «ጌታቸው፣ በኦስሎ ከሠራሃቸው ሜዳዎች ሁሉ የትኛው ያኮራሃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ባልደረቦቼ የአንዱን ትልቅ የእግር ኳስ ሜዳ ስም ሲጠብቁ እኔ «ሊንደሩድ አጠገብ የነበረው የቤዝቦል ሜዳ» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። አልፈርድባቸውም፤ አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ሜዳ እንደነበረ እንኳን አያውቁም።

አገር ቤት ደሴ የስፖርት መምህር ነበርኩ። ኖርዌይ በስደት ስመጣ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ሊንደበርግ የሚገኝ የስፖርት አዳራሽ ማጽዳት ነበር። አለቃዬ በሪት የምትባል ሴት ነበረች። ጽዳቴን ስትመረምር ጫማዋን አውልቃ፣ ነጭ ካልሲ አድርጋ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ትዞረዋለች። ዞራ ስትጨርስ ቁጭ ብላ የካልሲዋን ሥር ታያለች። በመጀመሪያው ወር ካልሲዋ ጠቁሮ ባየሁ ቁጥር ቆሽቴ ያርር ነበር። በኋላ ግን እኔም ጫማዬን አውልቄ መሄድ ጀመርኩ፤ የወለል ነገር በእግር እንጂ በዓይን እንደማይታወቅ ያኔ ገባኝ። ካልሲዋ ነጭ ሆኖ የዋለ ቀን፣ «አንተ ውጭ ሜዳ ላይ ብትሠራ ይሻላል» አለችኝና ወደ ሜዳ ጥገና ክፍል አዛወረችኝ። ደመወዙ ከእጅ ወደ አፍ ነበር፤ ሥራው ግን ወደ ሙያዬ የተጠጋ ስለነበር ደስ አለኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ የኦስሎ ሜዳ አብዛኛው ሣር ሳይሆን ጠጠር ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ሜዳው ይላቁጣል፤ ውኃውን አጠንፍፈን፣ በትራክተር መጎተቻ አስተካክለን፣ በመዳመጫ እንደመድመዋለን። አንድ ቅዳሜ ሊንደሩድ አጠገብ ያለውን ሜዳ ደምድሜ ምሳዬን በልቼ ስመለስ፣ አንድ ረጅም ሽማግሌ በገመድና በኖራ መሬቴን ሲያበላሹት አገኘኋቸው።

«ምን እየሠሩ ነው?» አልኳቸው።

«አልማዝ እየሳልኩ ነው» አሉኝ ቀና እንኳን ሳይሉ።

እብድ መስለውኝ ነበር። ፈቃድ እንዳላቸው ነገሩኝ፤ እውነትም ኮሙኑ ቅዳሜና እሑድ ከሰዓት በኋላ ሜዳውን ፈቅዶላቸዋል። የሳሉት አራት ማዕዘን በማዕዘኑ ቆሞ አልማዝ ይመስላል። ስማቸው አርነ ነው። አናጢ ናቸው፤ የኖርዌይ ደቡብ ሰው። በወጣትነታቸው ባሕር ተሻግረው ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቤት ሲሠሩ ኖረው፣ ሚስታቸው ሲሞቱ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ ሁሉ ዘመን ይዘው የመጡት የቤዝቦል ፍቅር ነበር። ኖርዌይኛቸው የድሮ የገጠር ሆኖ በእንግሊዝኛ የተቀላቀለ ስለሆነ የኦስሎ ወጣቶች አይሰሟቸውም። እኔ ግን ቋንቋውን ገና የምማር ሰው ነበርኩና፣ ቀስ ብለው ስለሚናገሩ ከማንም በላይ የሚገቡኝ እሳቸው ነበሩ። በኖርዌይ ሰው ሁሉ «አንተ» ነው የሚባባለው፤ እኔ በልቤ አንቱ ብያቸው ስለኖርኩ እዚህም እንደዚያው እጽፋቸዋለሁ።

ያን ቀን አንድ የቆዳ ጓንት ወርውረውልኝ «ቅለብ» አሉኝ። ኳሷ ትንሽ ናት፤ እንደ ድንጋይ ትከብዳለች። መዳፌ እስኪያብጥ ቀለብኩ። ከዚያ ሕጉን አስረዱኝ። ወርዋሪው ኳስ ይወረውራል፣ መቺው በዱላ ይመታል፣ ከኋላው ቀላቢ ይቀመጣል። መቺው ከመታ ይሮጣል፤ አራቱን ማዕዘን ዞሮ ወደ መነሻው ከገባ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ይሆናል። ወርዋሪው ከጉልበት እስከ ደረት ባለው ልክ አሳልፎ ሲወረውር ኳሷ ጥሩ ናት። መቺው ሦስት ጥሩ ኳስ ካመለጠው ይወጣል፤ መጥፎዋንም ሰንዝሮ ከሳታት እንደ ጥሩ ትቆጠርበታለች። በተቃራኒው ወርዋሪው አራት መጥፎ ኳስ ከወረወረበት፣ መቺው ዱላውን ጥሎ በነፃ ወደ አንደኛው ማዕዘን ይሄዳል። ይህችን የመጨረሻዋን ሕግ ያን ቀን በግማሽ ጆሮ ነው የሰማኋት።

ለወርዋሪው ጉብታ ያስፈልጋል። በጠጠር ሞከርን፤ ከእግር ሥር እየተናደ አስቸገረ። ኦከርን የሚባለው ሰፈር ለሕንፃ የሚቆፍሩ ሰዎች አንድ ሰማያዊ የሚመስል ሸክላ አፈር እያወጡ ይጥሉ ነበር። ለምኜ በጋሪ አመጣሁ። ሸክላውን ከደቃቅ ጠጠር ጋር ለውሼ፣ በውኃ እያረጠብኩ በስስ በስሱ ደለደልኩት፤ ማታ ማታ ሸራ አለብሰዋለሁ። ከጨዋታ በፊት መሬቱን ልክ አቧራው እስኪተኛ አጠጣዋለሁ። ውኃው ካነሰ ኳሷ ነጥራ የሰው ጥርስ ታረግፋለች፤ ከበዛ ሯጭ ያንሸራትታል። ያ ጉብታ ሲጠናቀቅ አርነ ወጥተው ቆሙበት፣ ተረከዛቸውን አሽከረከሩ፣ በኖርዌይኛ «ያ»፣ አዎ፣ አሉ። ከእሳቸው ያገኘሁት ትልቁ ምስጋና ይኸው ነው።

አርነ ጆሯቸው ላይ ሁልጊዜ የአናጢ እርሳስ ይሰካሉ፤ አንድም ቀን ግን ሲጽፉበት አላየሁም። ወርዋሪ ሲፈትኑ ለሜዳው ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። ኳሷ የቀላቢው ጓንት ውስጥ ስትገባ የምታሰማውን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ «ጧ» ካለች ክንዱ ደህና ነው፣ «ጵፍ» ካለች ደክሟል። ጨዋታ በተጀመረ በመጀመሪያው ተራ ከማንም ጋር አይነጋገሩም። እኔም በጉጉት ኳሷን ሳሳድድ፣ «ኳሷንማ ሁሉም ሰው ያያታል። አንተ እግሩን እይ» ይሉኛል። ሰው በእጁ ሊዋሽ ይችላል፣ በእግሩ ግን አይችልም ብለው ያምናሉ። ቀስ በቀስ የመምህርነት ዓይኔ ተመለሰልኝ። በሁለተኛው ዓመት ከሜዳ ጠባቂነቴ ሌላ ረዳት አሠልጣኝ ሆንኩ።

አርነ ያቋቋሙት ቡድናችን ከየአገሩ የተሰባሰበ ነበር። የሕዝብ ዓይን ግን ያረፈው ቱርስታይን ላይ ነው። ፖስታ አዳይ ነው፤ ትከሻው የበር ያህል ይሰፋል፤ የመታት ኳስ የመኪና ማቆሚያውን አልፋ ትሄዳለች። እሑድ ከቅዳሴና ከጉባኤ የሚመለሱ ያገራችን ሰዎች በቴርሞስ ሻይ ይዘው ሜዳው ዳር ያለው ዳገት ላይ መቀመጥ ለመዱ። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም በቱርስታይን ግን አንድ ልብ ነበሩ። ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው ታክሲ ነጂው ታደሰ ነው። ታደሰ ሕጉን ከተማረ በኋላ ራሱን እንደ ሊቅ ቆጥሮ፣ ይሄኛው ተጫዋች ይህን ያህል ያወጣል፣ ያኛው ምንም አያወጣም እያለ ይፈርዳል።

ምንም አያወጣም ከሚላቸው አንደኛው መላኩ ነበር። መላኩ አዲስ አበባ ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበር፤ እዚህ ኦከርን አንድ ቢሮ ያጸዳል። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ያለ ሰው ነው። ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይቆማል፤ ኳስ ይመጣል፣ ወይ ፍንክች። ሌላ ይመጣል፣ ወይ ፍንክች። ደጋፊው «ሐውልቱ» የሚል ስም አወጣለት። እሱ ሰምቶ ፈገግ ይላል እንጂ አይቆጣም።

ባለቤቴ አስቴር አገር ቤት በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ሠርታለች። እዚህ ደግሞ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነበረች። መጀመሪያ ዳገቱ ላይ የመጣችው እኔ እሑድ እሑድ ቤት ስለማልገኝ ነው፤ ሁለተኛ የመጣችው እርሳስ ይዛ ነው። ማን ስንቴ መታ፣ ማን ስንቴ ወጣ፣ ማን ስንቴ ማዕዘን ላይ ደረሰ፣ ሁሉን ትመዘግባለች። ምሳ ላይ ሙግታችን ይሄ ብቻ ሆነ።

በሁለተኛው የውድድር ዓመት ለዋንጫ ለማለፍ አንድ ጨዋታ ቀረን። አርነ የመቺዎቹን ተራ ማውጣቱን ለእኔ ሰጡኝ። ያን ቀን ረፋድ አስቴር «መላኩን ወንበር ላይ እንዳታስቀምጠው» አለችኝ።

«አስቱ፣ ቆሞ ለሚውል ሰው ቦታ የለኝም።»

«ቆሞ አይደለም የሚውለው። ከእሱ በላይ ማዕዘን ላይ የሚደርስ ሰው የላችሁም።»

«በነፃ እየሄደ እኮ ነው!»

«ታዲያ በነፃ የሄደ አልሄደም?»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ መላኩን አስቀመጥኩት፤ በሱ ፋንታ አንድ ጡንቻው የፈረጠመ ተማሪ አሰለፍኩ። የተቃራኒው ወርዋሪ ፀጉሩ የሸበተ፣ ሆዱ ትንሽ ወጣ ያለ ሰው ነበር። ፈጣን አይደለም። ብልሃቱ መጥፎ ኳስን ጥሩ ማስመሰል ነው፤ ኳሷ ደህና መስላ ትመጣና መጨረሻ ላይ ትወርዳለች ወይ ታፈነግጣለች። የኛዎቹ አየሩን ደበደቡት። ቱርስታይን ራሱ ሦስቴ ዞሮ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። አንድም ነጥብ ሳናገባ ተሸነፍን። የደጋፊው ድምፅ ከመሀል ጨዋታ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር፤ ታደሰ እንኳን ቴርሞሱን ጠቅልሎ ቀድሞ ሄደ። መላኩ ወንበሩ ላይ ሆኖ ለያንዳንዱ ተመላሽ ያጨበጭብ ነበር።

አርነ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጉብታው ላይ ወጥተው ያ ወርዋሪ የቆመበትን ቦታ ተመለከቱ። «አየኸው? ላብ እንኳን አልነካውም» አሉኝ። አስቴር መዝገቧን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ቀድማኝ ወደ ባቡሩ ሄደች።

ያወራነው በማግስቱ ነው። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ፣ እሷ ሰሃን እያጠበች።

«እስቲ ንገረኝ፣ ቤዝቦል ምንድን ነው?» አለችኝ።

«መምታት ነዋ።»

«ናይ፣ አይደለም። ዞሮ መግባት ነው። ዞሮ የሚገባው ማነው? መጀመሪያ ማዕዘን ላይ የደረሰ ነው። ቱርስታይን ሲመታ ያምራል፤ ግን ሲመታ ማዕዘኖቹ ባዶ ናቸው። ያን ሁሉ ርቀት መትቶ የሚያስገባው ራሱን ብቻ ነው።»

«ሰው ቁጥር አይደለም፣ አስቱ። እኔ ሰውየውን በዓይኔ ነው የማየው።»

እጇን ከውኃው አወጣችና ዞር አለች። «እኔስ ሰው አይደል ያልኩት? ሐውልት ያላችሁት እናንተ ናችሁ።»

ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ።

በክረምቱ ልምምድ በአዳራሽ ውስጥ ነበር። አርነ በጥር ወር በረዶ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ስለተሰበረ አልጋ ላይ ናቸው። ልጠይቃቸው ስሄድ፣ «ቡድኑ እስክድን ያንተ ነው። ከዳንኩም ያንተ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያስተማሩኝን በመላኩ ላይ ሞከርኩ፤ ኳሷን ትቼ እግሩን አየሁ። ገረመኝ። ያ ሐውልት የምንለው ሰው በያንዳንዱ ኳስ ተረከዙ ይነሳል፣ ጉልበቱ ይላላል፣ ሊመታ ይዘጋጃል፤ ከዚያ በመጨረሻዋ ቅጽበት ይተዋታል። ፈርቶ የቆመ ሰው እግር እንዲህ አይደለም። የሚመርጥ ሰው እግር ነው።

«መላኩ፣ ለምንድን ነው የምትተዋት?» አልኩት።

«መጥፎ ስለሆነች ነዋ፣ ጋሽ ጌታቸው። ማተሚያ ቤት ስንት ዓመት ስሕተት ስለቅም ኖርኩ። ስታጋድል ከሩቅ ትታወቀኛለች። ለመጥፎ ኳስ ምን ብዬ ዱላ ልሰንዝር?»

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አየሁ። መላኩን ያስተናገደ ወርዋሪ ከዚያ በኋላ ሲወረውር እርምጃው ያጥራል። ተናዶ፣ ደክሞ፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው የሚወረውራት ኳስ ብልሃቷ ጠፍቶ ቀጥ ብላ ትመጣለች። እስከዚያ መላኩን ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ እያሰለፍን፣ ያንን የደከመ ወርዋሪ በከንቱ እናባክነው ኖሯል። ለአስቴር ስነግራት እርሳሷን አስቀመጠች።

«ይሄን የኔ ቁጥር አላየውም ነበር» አለች። «እና ከኋላው ማንን ታደርጋለህ?»

«ቱርስታይንን።»

ዓይኖቿ ሲበሩ አየሁ።

ወሬው ሲሰማ ጉድ ፈላ። ሊንደሩድ የገበያ ማዕከሉ ካፌ ውስጥ ታደሰ ጠረጴዛ እየደበደበ ጠበቀኝ። «ሐውልቱን ፊት? አንተ ሰው፣ ምን ነክቶሃል? ቡድን ነው ወይስ መናፈሻ የምታስውበው?»

«ታደሰ፣ ስንት ጊዜ መታ እያልክ ቆጠርክ። ስንት ጊዜ ደረሰ ብለህስ ቆጥረህ ታውቃለህ?»

«ሳይመታ መድረስ ምን ክብር አለው?»

«ነጥብ አለው» አልኩት። ካፌው ሁሉ ለሁለት ተከፍሎ ሲሟገት ትቻቸው ወጣሁ።

በዚያ በጋ ማሸነፍ ጀመርን። መላኩ በነፃ ይሄዳል፣ ቱርስታይን ይመታል፣ ሁለቱም ይገባሉ። ሌሎቹ ተጫዋቾችም ሳላስገድዳቸው መጥፎ ኳስ መተው ተማሩ። ነሐሴ ላይ ለዋንጫ ደረስን፤ የገጠመን ያው ባለሽበቱ ወርዋሪ ያለበት ቡድን ነበር፣ ያውም በኛ ሜዳ።

ያን እሑድ ከማለዳ ጀምሮ መሬቱ ላይ ነበርኩ። ጫማዬን አውልቄ አልማዙን ዞርኩ፣ በባዶ እግሬ የሚያንሸራትተውን ቦታ ፈለግኩ፣ ጉብታውን ደለደልኩ። አርነ በክራንች መጥተው መስመሩ ዳር ወንበር ተደረገላቸው። እንደ ልማዳቸው በመጀመሪያው ተራ ከንፈራቸው አልተላቀቀም። በሁለተኛው ተራ መላኩ ባለሽበቱን እስኪበቃው አስወርውሮት በነፃ ሄደ፤ ቱርስታይን የቀጠለችውን ከመኪና ማቆሚያው ማዶ ሰደዳት። ዳገቱ ተናወጠ። አርነ ወደኔ ዞረው፣ «አሁን ላብ ነካው» አሉ።

ቢሆንም እነሱም ቀላል አልነበሩም፤ እያገቡ ደረሱብን። የመጨረሻው ተራ ላይ እኩል ነን፤ የመምቻው ተራ የኛ ነው። አንድ ነጥብ ብቻ ካገባን ጨዋታው እዚያው ያልቃል። ሁለት ሰው ወጣብን፤ ሦስተኛ ከወጣ ተራችን ያበቃል። ከዚያ አንዱ መታ፣ አንዱ ታግሦ በነፃ ሄደ፣ ሌላውም እንዲሁ። ሦስቱም ማዕዘን ሞላ። ሌላ ሰው ማዕዘን ላይ ከተጨመረ ሁሉም አንድ አንድ ወደፊት ይገፋሉ፤ ከፊት ያለው መነሻው ውስጥ ይገባል። ተራው የመላኩ ነበር።

«ምታ!» አለ ታደሰ። «ለዛሬ እንኳን ምታ!» ዳገቱ ሁሉ ተቀበለው። አማርኛው ከኖርዌይኛው ተደባልቆ «ምታ! ምታ!» ሆነ።

መጥፎ ኳስ። ጥሩ ኳስ፤ መላኩ ሰነዘረና ወደ ዳር አፈነገጠችበት። መጥፎ። ጥሩ። መጥፎ። አንዲት ብቻ ቀረች፤ ጥሩ ከሆነች ወጣ፣ መጥፎ ከሆነች አሸነፍን። መላኩ ወደ እኔ አየ። በምልክት ምታ ወይም ተው ማለት የአሠልጣኝ ሥልጣን ነው። እኔ ሁለት እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ገባው፤ ራሱን ነቀነቀ።

ባለሽበቱ ወረወረ። ኳሷ መሀል ለመሀል ስትመጣ እኔ ራሴ አየኋት፤ ደህና ትመስላለች። የመላኩ ተረከዝ ተነሳ። ዱላው ከትከሻው ላይ ንቅንቅ አለ፤ ከዚያ ቆመ። ኳሷ ከጉልበቱ ሥር ሰጥማ የቀላቢው ጓንት ውስጥ ገባች። ዳኛው ጎንበስ እንዳለ ቆየ።

ከዚያ ዳኛው ቀና ብሎ በእጁ ወደ አንደኛው ማዕዘን አመለከተ።

መላኩ ዱላውን እንደ ዕቃ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አኖረና በእርጋታ ሄደ። ከሦስተኛው ማዕዘን ሰውየው ዝም ብሎ ተራምዶ ገባ። ዳገቱ ላይ ለቅጽበት የተረዳ ሰው አልነበረም።

«ምን ሆነ? ምን ተደረገ?» ይላል ታደሰ።

«አሸነፍን!» ብላ ጮኸች አስቴር። ቀድማ የተነሳችው እሷ ናት፤ እርሳሷ የት እንደወደቀ እስከዛሬ አልታወቀም። እልልታዋ ሲቀልጥ ሌላው ተከተላት። ቱርስታይን ተራውን ሲጠብቅ የያዘውን ዱላ ወርውሮ ሮጠና መላኩን አንደኛው ማዕዘን ላይ ሳይደርስ ሊያነሳው ሲል፣ «ቆይ! ቆይ! ማዕዘኗን ልርገጣት!» ብሎ መላኩ ጮኸ። ረገጣት። ከዚያ ትከሻ ላይ ወጣ። ታደሰ ከዳገቱ እየተንከባለለ መጥቶ እግሩን አቀፈ። ባለሽበቱ ወርዋሪም ከጉብታው ወርዶ መጣና ወደ ላይ እጁን ዘርግቶ መላኩን ጨበጠው፤ «ዓይንህን ብታበድረኝ» አለው። አርነ ወንበራቸው ላይ ሆነው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ብሩክሊን እንኳን እንዲህ ያለ አላየሁም» አሉኝ።

ወደ ቤት የሄድነው በከተማው ባቡር ነው። ጀንበሯ ገና አልጠለቀችም። ተጫዋቹም ደጋፊውም አንድ ፉርጎ ሞላን፤ ትንሿ ዋንጫ ከእጅ ወደ እጅ ትዘዋወራለች። አስቴር ትከሻዬ ላይ ተደግፋለች። ኦስሎ ባቡር ውስጥ ከማያውቁት ሰው ጋር መነጋገር ነውር ነው፤ ግን አንዲት ኖርዌያዊት አሮጊት አላስችላቸው ብሎ፣ «ማን ነው ያሸነፈው?» ብለው ጠየቁ። አርነ ባርኔጣቸውን አንስተው «እኛ» አሉ።

ኦከርን ስንደርስ በሩ ተከፈተ። አርነም መላኩም መውረጃቸው እዚያ ነበር። አልወረዱም። እኔና አስቴር ባቡር የምንቀይርበት ጣቢያ ደረሰ፤ አልወረድንም። ታደሰም፣ ቱርስታይንም፣ ማንም ከዚያ ፉርጎ መውጣት የፈለገ አልነበረም። የመስመሩ መጨረሻ ላይ የባቡሩ ነጂ ሁሉም ሰው ይውረድ ሲል ወረድን፤ ባዶው ባቡር ለመመለስ በሩን ሲከፍት፣ እየዘፈንን ሁላችንም መልሰን ተሳፈርን።